ከኤክስ ሰርቨር ጋር ግንኙነት መክፈትና መዝጋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬና ቂሊንጦ አካባቢ ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ልጆች የሲ ቋንቋን መሠረት ጨርሰው ሊኑክስ ላይ መስኮት የሚከፍት ፕሮግራም መጻፍ ሲጀምሩ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት በሥዕሉ ወይም በቀለሙ አይደለም፤ ገና ከደጃፉ፣ ግንኙነቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። መማሪያዎቹ ይህን ክፍል በሁለት መስመር ስለሚያልፉት እዚህ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ። የፈንክሽኖቹን ስም እንደሚነበበው ጽፌዋለሁ፤ ኮድ ላይ ሰረዙን ትታችሁ አያይዙት፤ በኤክስሲቢ ፈንክሽኖችና በደብሊውኤም-ዲሊት-ዊንዶው ላይ ግን በሰረዙ ቦታ የግርጌ መስመር (_) ይገባል።

«ዲስፕሌይ መክፈት» ሲባል የሚከፈተው ምኑ ነው?

ስክሪኑም አይደለም፣ መስኮቱም አይደለም። የሚከፈተው በፕሮግራማችሁና በኤክስ ሰርቨር መካከል ያለው የመነጋገሪያ መስመር ነው። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን የያዘው ኤክስ ሰርቨር ነው። የእናንተ ፕሮግራም «ይህን ያህል ስፋት ያለው መስኮት ሥራልኝ»፣ «እዚህ ጋ መስመር አስምርልኝ» እያለ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም «ቁልፍ ተጫነ»፣ «ማውሱ ተንቀሳቀሰ» እያለ ያሳውቀዋል። ይህ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ ነው። ዛሬም የምንጠቀምበት 11ኛው የፕሮቶኮል ስሪት የወጣው በ1987 ነው።

መክፈቻው ፈንክሽን፣ ኤክስ-ኦፕን-ዲስፕሌይ፣ ሲሳካ አንድ ፖይንተር ይመልስላችኋል። ፖይንተሩ በሚያመለክተው ቦታ የሶኬቱ ቁጥር፣ ወደ ሰርቨሩ ለመላክ ተራ የሚጠብቁ ጥያቄዎች መጠራቀሚያ፣ የስክሪኖቹ ዝርዝርና ሌላም ብዙ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ የምትጠሩት ፈንክሽን ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንን ፖይንተር በመጀመሪያ ይጠይቃችኋል።

ፕሮግራሙ የሚሠራው የምማርበት ግቢ ውስጥ ባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እኔ ግን ቤቴ ኮየ ፈጬ ነኝ። ሰርቨሩ የትኛው ነው?

ፊትህ ያለው ላፕቶፕ። በዌብ ሥራ የለመድነው ትልቁን ሩቅ ማሽን ሰርቨር ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለበጥበታል። በኤክስ ግን አገልግሎት የሚሰጠው ስክሪኑን የያዘው ነው፤ ግቢ ያለው ኃይለኛ ማሽን ላይ የሚሮጠው ፕሮግራም ደግሞ ደንበኛው ነው። ይህን ካልያዛችሁ ከታች ያሉት መልሶች ግማሾቹ ግራ ያጋቧችኋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ።

ለኤክስ-ኦፕን-ዲስፕሌይ ነል ልስጠው ወይስ «:0» ብዬ ልጻፍለት?

ነል (ባዶ ፖይንተር) ስጡት። ነል ሲሰጠው ዲስፕሌይ የተባለውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ያነባል፤ ምርጫው ለተጠቃሚው ይተዋል ማለት ነው። «:0» ብላችሁ ኮዱ ውስጥ ከቸነከራችሁት ግን ፕሮግራሙ በእናንተ ማሽን ላይ ብቻ ይሠራና ሌላው ሰው ጋ ሲሄድ ይከሽፋል።

የስሙ አጻጻፍ የኮምፒውተሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ የዲስፕሌዩ ቁጥር፣ ነጥብ፣ የስክሪኑ ቁጥር ነው። «:0.0» ላይ የኮምፒውተሩ ስም ባዶ ስለሆነ «እዚሁ ማሽን ላይ» ማለት ነው፤ ግንኙነቱም ቴምፕ ፎልደር ውስጥ በተቀመጠ የዩኒክስ ሶኬት በኩል ያልፋል። የኮምፒውተር ስም ከተጻፈ በቲሲፒ ይሞከራል፤ ፖርቱ 6000 ሲደመር የዲስፕሌዩ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ግን በሊኑክስ የተለመደው የኤክስ-ኦርግ ሰርቨር ካልታዘዘ በቀር በቲሲፒ ማንንም አያዳምጥም። ደግ አድርጓል፤ ያ መንገድ ምስጠራ የለውም።

ፕሮግራሜ ገና ሲነሳ ሴግሜንቴሽን ፎልት ብሎ ይሞታል። መስኮት እንኳን አላየሁም።

ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ምክንያቱ የተመለሰው ፖይንተር ነል መሆን አለመሆኑ አለመታየቱ ነው። ኤክስ-ኦፕን-ዲስፕሌይ ሲያቅተው አይጮህም፣ ፕሮግራሙንም አያቆምም፤ ዝም ብሎ ነል ይመልሳል። የሚቀጥለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ዲፎልት-ስክሪን ነው። እሱ ደግሞ ማክሮ ነው፤ ፖይንተሩን ያለ ምንም ማጣሪያ ይከፍታል። የሚፈነዳው እዚያ ላይ ነው፤ ዲበገሩም የሚያሳያችሁ ጥፋቱን ሳይሆን የጥፋቱን ውጤት ነው።

ነል ከሆነ የስህተት መልእክት ጻፉና ውጡ። መልእክቱ ውስጥ የተሞከረውን ስም አስገቡ፤ ኤክስ-ዲስፕሌይ-ኔም የሚባለውን ፈንክሽን ነል ሰጥታችሁ ብትጠሩት ሊከፈት የነበረውን ስም ይነግራችኋል። «ዲስፕሌይ መክፈት አልቻልኩም» ከሚል መልእክት «ዲስፕሌይ :1ን መክፈት አልቻልኩም» የሚለው ሰውን ከግማሽ ሰዓት ልፋት ያድናል። ለፕሮግራሙ ተጠቃሚ ክብር ያለው ሰው ይህንን አይዘልም።

እሺ፣ ነል መለሰልኝ። ለምን እንደሆነ በምን ልወቅ?

በቅደም ተከተል ፈትሹ። መጀመሪያ ተርሚናል ላይ የዲስፕሌይ ቫሪያብልን አሳትሙ። ባዶ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ክሮን (በሰዓቱ ሥራ የሚያስነሳው) ውስጥ የገባ ስክሪፕት፣ ያለ ኤክስ አማራጭ የተከፈተ ኤስኤስኤች (ወደ ሩቅ ማሽን መግቢያው)፣ ወይም ስክሪን የሌለው ማሽን ነው። በፓይተን ቲኬ-ኢንተር የሚሠሩ ልጆች «የዲስፕሌይ ስምም የለም፣ ቫሪያብልም የለም» የሚል ስህተት የሚያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቫሪያብሉ ካለ፣ በዚያ ቁጥር የሚሠራ ሰርቨር መኖሩን እዩ። እሱም ካለ የሚቀረው ፈቃድ ነው። ሰርቨሩ የሚያስገባው ቁልፍ የያዘውን ነው፤ ቁልፉ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ኤክስ-ኦቶሪቲ በሚባል ስውር ፋይል ተቀምጧል። በሱዶ ስትገቡ የሚከለክላችሁ በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለምትሄዱና ያ ፋይል ስለማይገኝ ነው።

እዚህ ላይ ኢንተርኔቱ ሁሉ «ኤክስ-ሆስት ፕላስ በል» ይላችኋል። አትበሉ! ያ ትእዛዝ የፈቃድ ማጣሪያውን ጨርሶ ያነሳዋል። ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት የቻለ ፕሮግራም ደግሞ የሌላውን መስኮት ምስል መቅዳትም፣ በኪቦርዱ የሚጻፈውን ማንበብም ይችላል። አምስት ስድስት ልጅ በሚጋራው ማሽን ላይ ይህ የይለፍ ቃልን አደባባይ ማስጣት ነው። ለአንድ የማሽኑ ተጠቃሚ ብቻ መፍቀድ ከፈለጋችሁ ኤክስ-ሆስት «ሎካልዩዘር» የሚል አማራጭ አለው፤ ስሙን ጠቅሳችሁ ለእሱ ብቻ ፍቀዱ።

በመክፈቻው ቅጽበት በሽቦው ላይ የሚያልፈው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ደንበኛው የሚልከው የመጀመሪያ ባይት የቁጥሮቹን አደራደር ይናገራል፤ 66 ከሆነ ትልቁ ባይት ይቀድማል፣ 108 ከሆነ ትንሹ። የእኛ ላፕቶፖች የሚልኩት 108 ነው። ከዚያ የፕሮቶኮሉ ስሪት 11 እና 0፣ ከዚያ የፈቃዱ ዓይነት ስም ርዝመትና የቁልፉ ርዝመት ይመጣሉ፤ ይህ ሁሉ ከነባዶ ቦታው 12 ባይት ነው። የተለመደው የፈቃድ ዓይነት፣ የኤምአይቲ ማጂክ ኩኪ፣ ስሙ 18 ፊደል ነው፤ በአራት እንዲካፈል 20 ባይት ይሞላለታል። ቁልፉ ራሱ 16 ባይት ነው። ድምሩ 48 ባይት፤ ፕሮግራማችሁ ከስክሪን ጋር የሚተዋወቀው በዚህች ትንሽ መልእክት ነው።

ሰርቨሩ ሲመልስ የመጀመሪያው ባይት 0 ከሆነ ተከልክላችኋል፣ ምክንያቱም አብሮ ይመጣል፤ 1 ከሆነ ገብታችኋል፤ 2 ከሆነ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ከገባችሁ የስክሪኖቹን ስፋትና የቀለም ጥልቀት፣ የኪቦርድ ኮዶችን ወሰንና ሌላም ይነግራችኋል። ከሁሉ የማደንቀው ግን የመለያ ቁጥር አሰጣጡን ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የቁጥር ክልል ከልሎ ይሰጣል፤ መስኮት፣ ፎንት፣ ፒክስማፕ ስትፈጥሩ መለያውን ከክልላችሁ ውስጥ የሚመርጠው የእናንተው ላይብረሪ ነው። ስለዚህ «መስኮት ፍጠር» ብሎ ለመላክ የሰርቨሩን መልስ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ነገር በዘገምተኛ መስመር ላይ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

ከቤት በኤስኤስኤች ስገባ ዲስፕሌዩ «ሎካልሆስት:10.0» ይላል። ይህ ከየት መጣ? ደግሞስ ለምን እንዲህ ይንቀራፈፋል?

ኤስኤስኤች ግቢ ያለው ማሽን ላይ የማስመሰያ ዲስፕሌይ አቁሞ ነው። ከራሱ ከማሽኑ ዲስፕሌዮች ጋር እንዳይጋጭ ቁጥሩን ከ10 ይጀምራል፤ ስለዚህ ፖርቱ 6010 ነው። እዚያ የገባውን ሁሉ በተመሰጠረው መስመር ወደ ላፕቶፓችሁ ያመጣዋል። ቫሪያብሉን በእጃችሁ «:0» ብላችሁ አትቀይሩት፤ ከቀየራችሁት መስኮታችሁን እዚያው ግቢ ያለው ሞኒተር ላይ ለመክፈት ትሞክራላችሁ ማለት ነው።

የዝግመቱ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የዳታው መጠን ሳይሆን ምልልሱ ነው። ከስልክ ሆትስፖት ተነስቶ ግቢ ደርሶ የሚመለስ አንድ ጥያቄ የሚወስደው ጊዜ ለዓይን የሚታይ ነው፤ መልስ የሚጠብቁ ጥያቄዎች ተራ በተራ ሲደረደሩ መስኮቱ እስኪመጣ ቡና ይፈላል። ለአንድ ስም መለያ ቁጥር (አተም) ከሰርቨሩ የሚጠይቀውን ኤክስ-ኢንተርን-አተምን አሥር ጊዜ ከመጥራት፣ አሥሩንም ስም በአንዴ የሚወስደውን ኤክስ-ኢንተርን-አተምስን ጥሩ። ሰርቨሩ የተላከውን ሁሉ እስኪጨርስ የሚያስጠብቀውን ኤክስ-ሲንክን በየመስመሩ መጻፍም ስህተት ለማደን ካልሆነ በቀር ይቅር።

አንድ ሌላ ነገር፦ በኤስኤስኤች የከፈታችሁት «ያልታመነ» የሚባለው የኤክስ ማስተላለፊያ ከሆነ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ አዲስ ግንኙነት አይቀበልም፤ ነባሪው ቅንብር ነው። «ቅድም ሠርቶ አሁን እምቢ አለኝ» የምትሉት አንዳንዴ ይኸው ነው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔ በባትሪ ይቀጥላል፤ ፕሮግራሙ ግን ለምን ይሞታል?

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ የለውም። ሁሉም ነገር በላፕቶፑ ላይ ከሆነ ምንም አይሆንም፤ ፕሮግራሙ ግቢ፣ ስክሪኑ ቤት ከሆነ ግን መስመሩ መሐል ላይ ተበጠሰ።

መስመሩ ሲበጠስ ኤክስሊብ (እስካሁን የጠራናቸው ፈንክሽኖች ያሉበት ላይብረሪ) የአይ-ኦ ስህተት ተቀባይ የሚባለውን ፈንክሽን ይጠራል። ኤክስ-ሴት-አይኦ-ኤረር-ሃንድለር ብላችሁ የራሳችሁን ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ከእሱ ስትመለሱ ላይብረሪው ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። ይህ ከተራው የስህተት ተቀባይ ይለያል። ተራው የሚጠራው ሰርቨሩ «ይህ የመስኮት መለያ የለም» ዓይነት ቅሬታ ሲልክ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ መቀጠል ይቻላል። የተበጠሰ ግንኙነት ግን አይቀጠልም፤ ሰርቨሩ ጋ የነበሩት መስኮቶች ሁሉ ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሊብኤክስ11 (የኤክስሊብ ፓኬጅ) ስሪት 1.7 ፕሮግራሙ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ተጨማሪ ተቀባይ አምጥቷል፤ ያኔም ቢሆን ያንን ፖይንተር ትታችሁ አዲስ መክፈት አለባችሁ።

እውነተኛው መፍትሔ ግን ሥራውን ከስክሪኑ መለየት ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ስሌት መስኮት ከሚስለው ፕሮግራም ጋር በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ አይቀመጥ። ስሌቱ ለብቻው ይሩጥ፣ ውጤቱን ፋይል ላይ ይጻፍ፤ መስኮቱ ያንን እያነበበ ያሳይ። እዚህ እኛ ሰፈር መብራትና መስመር በሚመላለስበት ቦታ የሚኖር ሰው ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው እንዲህ ከፍሎ ቢያስበው ብዙ ሌሊት ይተርፍለታል። ኮዱን መቀየር ካልቻላችሁ የሩቁን ማሽን ማያ በሚያሳየው በቪኤንሲ ሥሩ፤ ያኔ ኤክስ ሰርቨሩም ግቢ ስለሚሆን ስትቆረጡ የሚቆረጠው ማያው ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ ሶኬቱን ይዘጋው የለም? ኤክስ-ክሎዝ-ዲስፕሌይ ለምን አስፈለገ?

ይዘጋዋል። ሰርቨሩም ሶኬቱ መዘጋቱን ሲያይ የፈጠራችኋቸውን መስኮቶች፣ ፎንቶች፣ ፒክስማፖችና ጠቋሚዎች ያጠፋል። ከሰርቨሩ በኩል ቆሻሻ አይቀርም። ግን ሦስት ነገር ይጎድላችኋል።

አንደኛ፣ የላካችሁ የመሰላችሁ ጥያቄ ገና ፕሮግራማችሁ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ኤክስሊብ ጥያቄዎችን እያጠራቀመ በአንድ ላይ ይልካል፤ ሳይላኩ ከወጣችሁ የመጨረሻዎቹ ትእዛዞች ሰርቨሩ ጋ አይደርሱም። ኤክስ-ክሎዝ-ዲስፕሌይ ግን ከመዝጋቱ በፊት የቀረውን ልኮ መልስ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ በዚያው መጨረሻ ላይ ያልታዩ ስህተቶች ይወጣሉ፤ ካልዘጋችሁ አታዩአቸውም። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ የማያልቅ ከሆነስ? በየደቂቃው ስክሪን የሚቀርጽ ወይም የመስኮት ስም የሚያነብ፣ በየዙሩ ከፍቶ የማይዘጋ ፕሮግራም አስቡ። የኤክስ-ኦርግ ሰርቨር የሚቀበለው ደንበኛ በነባሪው እስከ 256 ነው። ያ ሲሞላ የሚከለከለው የእናንተ ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ተርሚናል እንኳን ልክፈት ብትሉ «የደንበኞች ቁጥር ሞልቷል» ይላችኋል። ሰርቨሩ የጋራ ነው፤ አንዱ የያዘውን ካለቀቀ ሌላው ቦታ ያጣል።

በምን ቅደም ተከተል ልዝጋ?

በከፈታችሁበት ተቃራኒ፦ ጂሲውን (የመስመርና የቀለም ቅንብር የሚይዘውን)፣ ፎንቱን፣ ከዚያ መስኮቱን፣ በመጨረሻ ግንኙነቱን። ከኤክስ-ክሎዝ-ዲስፕሌይ በኋላ ፖይንተሩን ነል አድርጉት። ማጽጃ ፈንክሽን ሁለት ጊዜ ሲጠራና የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ የሚመጣው ስህተት አንዳንዴ ብቻ ስለሚታይ ለማደን ከባድ ነው።

የመስኮት መለያ ቁጥርን ፋይል ላይ አስቀምጣችሁ ነገ ለመጠቀምም አትሞክሩ። የእናንተ የቁጥር ክልል ለሚቀጥለው ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ያ ቁጥር ነገ የሌላ ፕሮግራም መስኮት ሊሆን ይችላል።

የመስኮቱን የመዝጊያ ምልክት ስጫን የመዝጊያ ኮዴ ሳይነካ «ግንኙነቱ ተበጠሰ» ብሎ ይወጣል።

ምልክቱን የሚያስቀምጠው የመስኮት አስተዳዳሪው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ሲጫን መጀመሪያ «ይህ መስኮት ዲሊት-ዊንዶው የሚለውን መልእክት እቀበላለሁ ብሏል?» ብሎ ያያል። ካላላችሁ ግንኙነታችሁን በሰርቨሩ በኩል ይቆርጠዋል። መፍትሔው አጭር ነው፦ ደብሊውኤም-ዲሊት-ዊንዶው የሚለውን አተም አውጡ፣ በኤክስ-ሴት-ደብሊውኤም-ፕሮቶኮልስ መስኮቱ ላይ አስመዝግቡ፣ ከዚያ በኢቨንት ሉፑ ውስጥ ክላየንት-ሜሴጅ ሲመጣ የመጀመሪያው ዳታ ያ አተም መሆኑን አይታችሁ ከሉፑ ውጡ። ፋይሉ ሳይቀመጥ የጠፋበት ተጠቃሚ ምክንያቱ ይህ መሆኑን አያውቅም፤ እናንተ ግን ማወቅ አለባችሁ።

ፎርክ ካደረግኩ በኋላ ልጁ ፕሮሰስ ዲስፕሌዩን ይዝጋ?

በኤክስ-ክሎዝ-ዲስፕሌይ አይዝጋ። ሶኬቱ የሁለቱም ነው፤ ልጁ በዚያ ፈንክሽን ሲዘጋ በወላጁ መስመር ላይ ጥያቄ ይልካል፣ መስመሩንም ለሁለቱም ሊገድለው ይችላል። ልጁ ኮኔክሽን-ነምበር የሚሰጠውን የሶኬት ቁጥር በተራው ክሎዝ ይዝጋ፤ የራሱ መስኮት ከፈለገም አዲስ ግንኙነት ይክፈት። ወዲያው ኤግዜክ የሚያደርግ ከሆነ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ኤክስሊብ ሶኬቱን በኤግዜክ ጊዜ እንዲዘጋ አስቀድሞ ምልክት ያደርግበታል።

በብዙ ትሬድ ስጠቀምስ?

ኤክስ-ኢኒት-ትሬድስን ከማንኛውም የኤክስሊብ ፈንክሽን በፊት ጥሩ። ከሊብኤክስ11 ስሪት 1.8 ጀምሮ ላይብረሪው ራሱ ይጠራዋል፤ ግን ግቢ ያለው ማሽን አሮጌ ሊሆን ስለሚችል መስመሯን ጻፏት።

ኤክስሲቢና ዌይላንድ ላይስ እንዴት ነው?

ኤክስሲቢ እንደ ኤክስሊብ ያለ ሌላ የኤክስ ላይብረሪ ነው። ኤክስሲቢ-ኮኔክት ቢያቅተውም ነል አይመልስም፤ ስለዚህ የነል ማጣሪያችሁ ምንም አይይዝም። ኤክስሲቢ-ኮኔክሽን-ሃዝ-ኤረር ብላችሁ ጠይቁ፤ ከ0 የተለየ ቁጥር ከመጣ አልተሳካም። ያልተሳካውንም ቢሆን በኤክስሲቢ-ዲስኮኔክት ልቀቁት።

ዌይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ሌላ ፕሮቶኮል ነው። የሚያነበው የራሱን የዌይላንድ-ዲስፕሌይ ቫሪያብል ነው፤ ካላገኘው «ዌይላንድ-0» የሚለውን ይሞክራል። ማገናኛው ሲያቅተው እንደ ኤክስሊብ ነል ይመልሳል። አዘጋጉ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በእናንተ በኩል ያሉትን ፕሮክሲዎችና የኢቨንት ወረፋዎች ከማቋረጣችሁ በፊት ራሳችሁ ማጥፋት አለባችሁ። የዛሬዎቹ ዴስክቶፖች ዌይላንድ ላይ ቢሆኑም የኤክስ ፕሮግራማችሁ የሚሠራው ኤክስዌይላንድ የሚባለው ሰርቨር መሐል ገብቶ ስለሚቀበላችሁ ነው።

ስክሪን በሌለው ማሽን ላይ የመክፈቻና የመዝጊያ ኮዴን እንዴት ልሞክር?

ኤክስቪኤፍቢ አለላችሁ፤ ምስሉን ሜሞሪ ውስጥ ብቻ የሚስል ሙሉ ኤክስ ሰርቨር ነው። በ«:99» አስነሱት፣ የዲስፕሌይ ቫሪያብሉን «:99» አድርጉ፣ ፕሮግራማችሁን የሜሞሪ ስህተት በሚያሳየው በቫልግራይንድ ውስጥ አስሩጡ። ከዚያ ሆነ ብላችሁ አበላሹ፦ ቫሪያብሉን አጥፍታችሁ ሞክሩ፣ ሰርቨር የሌለበትን ቁጥር ስጡት፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሰርቨሩን ግደሉት። በሦስቱም ጊዜ የሚረዳ መልእክት ሰጥቶ ከወጣ ኮዱ ደህና ነው። ሰርቨሩን በኃይል ከገደላችሁት በኋላ ሲነሳ «በ99 ላይ ሌላ ሰርቨር አለ» ካላችሁ፣ በእርግጥ የሚሠራ አለመኖሩን አይታችሁ ቴምፕ ውስጥ የቀረውን የ99 ሎክ ፋይል ሰርዙት።